ሁለት ዓይን ያለው በሬ፦ የእህቴን ልጅ ሥዕል ትምህርት ቤት ለማስገባት የሄድንበት መንገድ

ባሕር ዳር ውስጥ ታፔላ ሠሪ ነኝ። ድሮ በብሩሽ እጽፍ ነበር። አሁን አብዛኛው ሥራ ባነርና ስቲከር ስለሆነ ማሽኑ ይጽፋል፣ እኔ ሒሳብ እቀበላለሁ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ስለ ሥዕል ኮሌጅ ልጻፍ ስል "አንተ ደግሞ ማን ነህ?" የሚለኝ ስለማይጠፋ ነው። ሠዓሊ አይደለሁም። ግን የእህቴን ልጅ ሥዕል ላስተምር ብዬ ሁለት ዓመት ተንከራትቻለሁ፣ አንዴ ብሬን ተበልቻለሁ፣ በመጨረሻም ተሳክቶልናል። ከዚያ ወዲህ ልጁ የሚሥልበት ወላጅ ሁሉ ሱቄ እየመጣ ያንኑ ይጠይቀኛል። አንዴ ጽፌው ልረፍ።

ጉዳዩ የሚጀምረው ከአንድ በሬ ነው። ልጁ ያኔ 16 ዓመቱ ነበር። ክረምቱን ከጎንጅ መጥቶ እኔ ዘንድ ይሠራል። አንድ ባለ ሥጋ ቤት "ባነር አልፈልግም፣ በእጅ የተሣለ በሬ ሥራልኝ" ብሎ መጣ። እኔ እጄ ከብሩሽ ርቆ ስለነበር ላሜራውን ለልጁ ሰጠሁት። በማግስቱ ሱቁን ስከፍት በሬው ፊት ለፊት ያየኛል። ሁለት ትልልቅ ዓይን፣ ሙሉ ፊት፣ ቅንድብ ሳይቀር። የሥጋ ቤት በሬ እኮ በጎኑ ነው የሚሣለው፣ ሽንጡና ዳቢቱ መታየት አለበት። "ምን ሆነህ ነው?" ስለው "ጋሼ፣ ጥሩ በሬ ነዋ" አለኝ።

ገባኝ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣለው። ሰይጣንና ክፉ ሰው ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ልጁ ያደገው እነዚያን ሥዕሎች እያየ ስለሆነ በሬውን አጸደቀው። ባለ ሥጋ ቤቱ ስቆ ስቆ ሰቀለው። ሰፈሩም "ባለ ዓይኑ ሥጋ ቤት" ይለው ጀመር።

በዚያው ዓመት ልጁ 11ኛ ክፍልን እኔ ዘንድ ሆኖ እዚሁ ባሕር ዳር ጀመረ፣ ብዙም ሳይቆይ "እኔ ሥዕል ነው የምማረው" አለ። የእህቴ ሐሳብ ኢንጂነሪንግ ነበር። አባቱ መሪጌታ ናቸው፣ ጎንጅ ቅኔ የተማሩ፣ ኋላም ያስተማሩ ሰው። እሳቸው ዝም አሉ። የመሪጌታን ዝምታ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እሺም እምቢም አይደለም፣ ነገሩን እያላመጡት ነው።

እኔ ግን ቸኮልኩ። አንድ ቀን በራሪ ወረቀት እጄ ገባ። የአንድ የግል ኮሌጅ ነው፣ ስሙን ተዉት። "በከተማዋ እምብርት የሚገኝ ዘመናዊ ካምፓስ" ይላል። ሥዕል፣ ግራፊክ ዲዛይን፣ የቤት ውስጥ ዲዛይን፣ አኒሜሽን፣ ፎቶግራፍ፣ ሁሉም ተደርድሯል። የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር አለው፣ ሲያልቅ ዲፕሎማ። ይህ ነው እንግዲህ አልኩና ልጁን ይዤ ሄድኩ።

ካምፓሱ ከአንድ ቡቲክ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ይህ በራሱ ምንም አይደለም፣ ጥሩ ሥዕል ጋራዥ ውስጥም ይሠራል። የተቀበለችን የሬጅስትራር ሠራተኛ ትሑት ልጅ ነበረች፣ ክፍሎቹን አስጎበኘችን። ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ሰሌዳው የዞሩ ናቸው። ብሩሽ የሚታጠብበት ቧንቧ የለም። ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ የሚያንጸባርቅ ንጹሕ። አያችሁ፣ እኔ ሃያ ዓመት ከቀለም ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀለም የሚነካ ቤት ወለሉ ንጹሕ ሊሆን አይችልም፣ ብትጠነቀቅም አይሆንም። የእኔን ሱቅ ወለል ያየ ሰው የአሥር ዓመት ደንበኞቼን በቀለም ዓይነት ሊቆጥራቸው ይችላል። ያን ወለል እያየሁ፣ አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ሆዴ እየነገረኝ፣ ከፈልኩ። ለምን? እንጃ። በራሪ ወረቀቱ የሚያምር ስለነበር ይሆናል። የእኔ ሙያ ራሱ ሰውን በሚያምር ወረቀት ማታለል አይደል!

አራት ወር ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት መምህሩ መጥቶ ኖት ያስገለብጣል። "ሥዕል ማለት..." ብሎ ትርጉም፣ "የቀለም ዓይነቶች..." ብሎ ዝርዝር። ከሰዓት ኮምፒውተር፣ ለሦስት ልጅ አንድ፣ ፎቶሾፕ። ከዚያ ወዲያው አኒሜሽን ጀመሩላቸው። ልጁ ገና እጅ በወጉ መሣል አይችልም፣ የሚንቀሳቀስ እጅ ሥራ ይሉታል። ለመሪጌታ በስልክ ስነግራቸው መጀመሪያ ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ አፋቸውን ከፈቱ፦ "ጉባኤ ቃና ሳይቆጥር መወድስ ዝረፍ አሉት በለኛ።" ቅኔ ቤት ላልደረሰ ሰው፦ መቁጠርም መዝረፍም ቅኔ ማፍለቅ ነው፣ ጉባኤ ቃና ባለ ሁለት ቤት (ሁለት ስንኝ) አጭሩ ቅኔ ነው፣ ተማሪ የሚጀምረው ከእሱ ነው፣ መወድስ ላይ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ነው።

ያኔ ነው እውቅናውን የጠየቅኩት። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ነገር! ኮሌጁ ሕጋዊ ነው፣ ፈቃድ አለው፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ግን እውቅና ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም፣ ለየትምህርት መስኩና ለየካምፓሱ ነው። ለሒሳብ አያያዝ ያገኘው ፈቃድ ለሥዕል አይሠራም። የእኛ መስክ የተሰቀለው ወረቀት ላይ አልነበረም። "በሂደት ላይ ነው" ተባልን። ብሩ አልተመለሰም፣ እኔም ለቀናት ተጨቃጭቄ ተውኩት። ለእህቴ ግን እስካሁን ሙሉውን አልነገርኳትም፣ ይህን ካነበበች ዛሬ ታውቃለች።

ሁለተኛው ስሕተት የእኔ ሳይሆን የልጁ ነበር። ስልኩ ላይ ያሉ ፎቶዎችን እያየ በእርሳስ መገልበጥ ይወዳል። ዘፋኝ፣ ኳስ ተጫዋች፣ አንዲት ፈገግ ያለች ልጅ። ቁርጥ እነሱን ነው የሚመስሉት፣ ሰው ያደንቅለታል፣ ልቡም አብጧል። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ እዚህ ካፌዎች ግድግዳ ላይ የሚሠራ አንድ ወዳጅ አለኝ። ሥራዎቹን አሳየሁት። አንድ በአንድ አገላበጠና "እነዚህ የስልኩ ናቸው፤ ያንተስ የትኛው ነው?" አለው። ልጁ ፊቱ ቀላ። እኔ ጣልቃ ገብቼ ስለ በሬው አወራሁ። ወዳጄ ሥጋ ቤቱ ድረስ ሄዶ አይቶ ተመለሰ። "ይሄ ያንተ ነው" አለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት የተለየ ነበር። ወዳጄ ያዘዘው ቀላል ነገር ነው፦ ስልክ የለም፣ ፊትህ ያለውን ሣል። ጀበና፣ የተገለበጠ ጫማ፣ የአክስቱን እጅ ሽንኩርት ስትከትፍ። ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፣ ሰው ተቀምጦ አይጠብቀውም፣ ጤፍ የሚሰፍር ሰው እጁ ሳይቆም መያዝ አለበት። ሐይቁ ዳር ሄዶ ከደንገል ታንኳ የሚያስሩትን ሰዎች ሣለ። ደንገሉ በምን አቅጣጫ እንደሚታጠፍ ካልገባህ ታንኳው ወረቀቱ ላይ ይሰምጣል ይለኝ ነበር፣ እውነቱን ነው፣ ያበላሻቸውን አይቻለሁ።

አንድ እሑድ ደግሞ ዘጌ ወሰድኩት። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ወጥተን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደረስን። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ከታች እስከ ላይ በሥዕል የተሸፈነ ነው። ጎብኚው ሁሉ ቀና ብሎ የቅዱሳኑን ፊት ያያል። ልጁ ግን አንዱ ጥግ ተጠግቶ ጠርዙን ያያል። "ጋሼ፣ ጨርቅ ነው!" አለኝ። ጨርቅ ላይ ተሥሎ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው፣ በጣና ዙሪያ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። እኛ አቡጀዲ ወጥረን ኮላ ቀብተን ታፔላ ስንሠራ የምናደርገውን ማለት ነው። እዚያ ቆሞ የሳቀው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ኮሌጁ አራት ወር ያላስተማረውን ያ ጠርዝ አስተማረው ብል አልዋሽም።

12ኛ ክፍል ሊገባደድ ሲል መሪጌታ "ያን የምትሉትን የአዲስ አበባውን ሥዕል ቤት እኔው ልየው" አሉ። ሌሊት ተነስተን በአውቶቡስ ሄድን። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ደጀንን አልፈን የአባይን በረሃ ወርደን ስንወጣ መሪጌታ ዳዊታቸውን እየደገሙ ነበር። ፍቼ ስንደርስ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። የምንሄድበትን ትምህርት ቤት የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላም የተወለዱት እዚህ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ከነበሩበት ቤተሰብ ነው የወጡት። አሜሪካ ተልከው ቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት ተማሩ፣ በ1946 ዓ.ም. ተመረቁ፣ ተመልሰውም በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈቱ። መሪጌታ ዳዊቱን አጠፉና "የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ?" አሉ። አዎ አልኳቸው። እንደገና ከፈቱት።

ትምህርት ቤቱ ዛሬ በመሥራቹ ስም ይጠራል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ብቻውን አይደለም፤ እኛ ስንሄድ ከሙዚቃውና ከቴአትሩ ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ኮሌጅ ሥር ነበር፣ ኮሌጁም በሠዓሊው በእስክንድር ቦጎሲያን ስም የተሰየመ ነበር። እስክንድር ከአውሮፓ ተመልሰው እዚሁ አስተምረዋል፣ ጀርመን ኮሎኝ የተማሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታም እንደዚሁ። ይህን ሁሉ ለመሪጌታ ስዘረዝር ብዙም አልደነቃቸውም። የሙዚቃው ትምህርት ቤት "ያሬድ" ይባላል ስል ግን ቀና አሉ። የቴአትሩ ደግሞ "ዮፍታሔ ንጉሤ" ስላቸው ቆሙ። "የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ? ባለ ቅኔው?" አዎ፣ እሳቸው። "ታዲያ ይሄ የኛው ጉባኤ ቤት ነዋ!" አሉ። የእህቴን ልጅ የወደፊት ዕድል የወሰነው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ እኔ ሁለት ዓመት የለፋሁበትን አንድ ስም ጨረሰው።

እኔ ግን ወደ ሥራዬ፣ ወለል አየሁ። ቀለም ጠጥቶ የደረቀ ወለል። የተርፔንታይን ሽታ። የጀሶ አቧራ። የተጀመረ፣ የተተወ፣ እንደገና የተጀመረ ሸራ ግድግዳ ተደግፎ። አንድ ተማሪ ሱሪው ከእኔ ሱቅ መደርደሪያ የባሰ ቀለም ነበረበት። በቃ፣ ልቤ አረፈ።

መስኮቹን በተመለከተ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት አለ። ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ግልጽ ናቸው። "ግራፊክስ" ሲባል ግን ሁሉም ፎቶሾፕ ይመስለዋል። እዚያ ግራፊክስ ማለት በዋናነት ሕትመት ነው፦ እንጨት ትፈለፍላለህ፣ ቀለም ትቀባለህ፣ ወረቀት ላይ ታትማለህ። ኢንዱስትሪያል ዲዛይን የዕቃ ቅርጽ ነው፣ ወንበሩ፣ ማሰሮው፣ ማሽኑ። የሥነ ጥበብ መምህርነትም አለ፣ "ምን ሊበላ ነው?" ለሚሉ እናቶች እሱን ንገሯቸው፣ እህቴ ላይ ሠርቷል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም የጋራውን መሠረት ይማራሉ፣ ከዚያ ነው የሚለያዩት። ለመግባት ደግሞ የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን አይበቃም፣ የእጅ ፈተና አለ። ልጁ ያን ፈተና ያለፈው በገበያው ጤፍ ሰፋሪዎች ነው ብዬ አምናለሁ።

ካምፓሱን በሚመለከት በራሪ ወረቀቱ ላይ ያየሁት "የከተማዋ እምብርት" የሚለው ነገር ትርጉሙ የገባኝ ልጁ ከገባ በኋላ ነው። ለሥዕል ተማሪ ከተማው ራሱ ክፍል ነው። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የድሮው ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ፣ ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አሉት። ዘመናዊውን ለማየት በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው ሙዚየም አለ። አፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል አለ። አለ ፈለገ ሰላም የተማሩበት የቺካጎው ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1866 ነው የተጀመረው፣ መሐል ከተማ ነው፣ ከሙዚየም ጋር አንድ ተቋም ነው። ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ዋናውን ሥዕል ያያል፣ ተመልሶ የራሱን ያፍርበታል።

ማፈር ካልኩ አይቀር። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ማታ ደወለልን። ድምፁ ልክ አይደለም። ሥራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው መምህሩም ተማሪውም ዙሪያውን ቆሞ እየተናገረ ነው አሉ፣ "ክሪቲክ" ይሉታል። ሦስት ሳምንት የደከመበትን "ጀርባው ሞቷል" ብለው አፈር ድሜ አስበሉት። እህቴ ስልኩን ነጥቃ ልታለቅስ ደረሰች። መሪጌታ ተቀበሏትና "ቆጥረህ ለየኔታ ነገርክ፣ የኔታ አቃኑልህ፤ ይሄ ቅኔ ነገራ ነው፣ ምን ያስለቅስሃል?" አሉት። "እኔ ስንት ጊዜ ቤት ሰብሬ ተስቆብኛል!" ልጁ ከዚያ በኋላ ስለ ክሪቲክ ሲደውል እየሳቀ ነው፣ ቢያንስ ለአባቱ።

ወጪው? የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ልጁ የገባው በወጪ መጋራት ነው፣ ተመርቆ ሲሠራ የሚከፈል። የሚያደማው ዕቃው ነው። የዘይት ቀለም ከውጭ ስለሚገባ ዋጋው አይቀመስም፣ ጥሩ ወረቀትም እንደዚያው። ልጆቹ አቡጀዲ ራሳቸው ይወጥራሉ፣ የግድግዳ ቀለም ያዋጣሉ። እኔ ከሱቄ አቡጀዲና ቁርጥራጭ ኮምፔንሳቶ እልካለሁ። መሪጌታ ደግሞ አንድ ቀን ሳይነግሩን ፍቀው ያዘጋጁትን የፍየል ብራና ጠቅልለው ላኩለት። ልጁ ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም፣ ወር ሙሉ አልጋው ሥር አስቀመጠው። ከዚያ ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ላይ የሠሩትን አይቶ መጣ፣ ብራናውንም አወጣው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት። ልጁ ለምን አባይን መሻገር ነበረበት? ይሄ ጥያቄ ያበሳጨኛል። ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒክ የተከፈተላት ከተማ ናት፣ ዛሬ የጨርቃጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት አላት፣ ፋሽን ዲዛይን ይሰጣል። ሥዕሉ ዘጌ ላይ አለ፣ ብራና ፋቂው ገጠር ውስጥ አለ፣ ታንኳ ሠሪው ሐይቁ ዳር አለ። የትምህርቱ ሥርዓት እንኳ አለ፣ ጎጃም ስንት ቅኔ ቤት ነው ያላት! ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ። የጥንት ተማሪ እኮ ለቅኔ ጎጃም ይመጣል፣ ለድጓ ቤተልሔም ይሄዳል፣ ለአቋቋም ደብረ ታቦር ይሻገራል። ካምፓሱ አገሩ ነበር።

ግን ሐቁን እንናገር፣ ሕንፃ ቢሠራ ብቻውን አይሠራም። የጎደለን ገዢ ነው። ከባሕር ዳር ካፌዎችና ሆቴሎች ውስጥ ስንቱ ነው የተሰቀለውን ሥዕል ከሠዓሊ የገዛው? አብዛኛው ከእኔ ያሳተመው ባነር ነው፣ የፏፏቴ ፎቶ፣ የሌላ አገር ፏፏቴ ሳይቀር! ጢስ ዓባይ አጠገባችን እያለ። ሠዓሊ ኖሮ የሚበላበት ከተማ ከሌለ መምህሩ ከየት ይመጣል? ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚመጣ መምህር ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ለዚያ ኮሌጅ ከተቀየምኩት ግማሹ ለዚህ ከተማ ነው፣ ለራሴም።

ስለዚህ ሱቄ ለሚመጡ ወላጆች የምለው አጭር ነው። እውቅናው ለዚያ መስክና ለዚያ ግቢ መሆኑን በጽሑፍ እዩ። ወለሉን እዩ። ክፍሉ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ክፍት ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መምህሩ ራሱ ባለፈው ዓመት ምን ሣለ በሉ። "ኮምፒውተር ስንት አላችሁ" የሚለውን መጨረሻ ላይ አድርጉት።

ባለፈው ክረምት ልጁ እረፍት መጣ። መስኩን ሲመርጥ ሁላችንም ሥዕል ነው ስንል ግራፊክስ ገብቷል፣ እንጨት ይፈለፍላል፣ ጣቶቹ ተቆራርጠዋል። የሥጋ ቤቱ በሬ ቀለሙ ስለለቀቀ "እኔ በነፃ አድሰዋለሁ" አለ። ሁለት ቀን ደከመበት። እውነተኛ በሬ ነው የሠራው፣ በጎኑ የቆመ፣ ጡንቻው የሚታይ፣ ሻኛው ጥላ የጣለ፣ እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ታፔላ አልሠራሁም። ወስደን ሰቀልነው። ባለ ሥጋ ቤቱ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ወጣ፣ ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

"ቆንጆ ነው" አለ። "ግን ሌላኛው ዓይኑስ የት ሄደ?"

ልጁ ሊያስረዳው ሞከረ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። "ደንበኛ የሚጠይቀኝ ባለ ዓይኑን ነው። የድሮውን መልስልኝ።" አሮጌው ላሜራ ሱቄ ስለነበር አምጥተን ቀለሙን እዚያው በረንዳ ላይ አደስነው። አዲሱ በሬ አሁን ከባነር ማሽኑ በላይ ተሰቅሏል። የቀለሙን ሒሳብ ግን ማንም አልከፈለኝም።